መልሕቅ ጥሎ ማዕበልን ስለ ማሳለፍ

የሐዋርያት ሥራን ሃያ ሰባተኛ ምዕራፍ ያነበበ ሰው፣ ቅዱስ ጳውሎስን ወደ ሮም ይዛ ትሄድ የነበረችው መርከብ ብዙ ሌሊት በዐውሎ ነፋስ ስትንገላታ ከቆየች በኋላ፣ መርከበኞቹ በመንፈቀ ሌሊት ወደ ምድር መቅረባቸውን ጠርጥረው የባሕሩን ጥልቀት እንደ ለኩ፣ ጥልቀቱም እየቀነሰ መሄዱን ባዩ ጊዜ ከዐለት ጋር እንዳይላተሙ ፈርተው አራት መልሕቅ በስተ ኋላ ጥለው የቀኑን መንጋት በናፍቆት እንደ ጠበቁ ያስታውሳል። ዛሬም ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወይም ብቻቸውን ሆነው በትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ከአገር ወደ አገር የሚጓዙ ሰዎች፣ መሣሪያቸው ቢሻሻልም፣ እንዲህ ያለውን ሌሊት በየወሽመጡ ያሳልፋሉ።

በውቅያኖስ መካከል ሳለች ዐውሎ ነፋስ የተነሣባት ጀልባ ቢያንስ የምትሸሽበት ስፋት አላት፤ መልሕቅ ጥላ የቆመችው ግን ከበስተ ኋላዋ ዐለትና አሸዋ ስለሚጠብቃት፣ ሕይወቷ በአንድ ብረትና በአንድ ሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የዚህን ብረት ጠባይ ማወቅ ለመርከበኛ ከዕውቀት ሁሉ የሚቀድም ይመስለኛል።

ብዙ ሰው መልሕቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን 10,000 ኪሎ ያህል የምትመዝን ጀልባ የምትጥለው መልሕቅ ብዙ ጊዜ ከ25 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። መልሕቅ የሚይዘው በበሬ እንደሚሳብ ማረሻ መሬት ውስጥ በመግባት ነው፤ ሰንሰለቱ በባሕሩ ወለል ላይ ተጋድሞ ወደ ጎን ሲስበው እየጠለቀ ይሄዳል፣ ወደ ላይ ሲስበው ግን ይነቀላል። ይህንኑ ነገር አጥብቀው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ፣ በሸራ ጀልባ መጓዝን ይወድ የነበረው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 የማረሻ ቅርጽ ያለውን መልሕቅ ፈለሰፈ፤ ቀላል ሆኖ አጥብቆ የሚይዝ መልሕቅ በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ያስፈልግ ነበርና።

እንግዲህ ስበቱ ወደ ጎን እንዲሆን የሚያደርገው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። የባሕሩ ጥልቀት 5 ሜትር፣ የጀልባዋ ፊት ከውሃው በላይ ያለው ከፍታ 1 ሜትር ቢሆን፣ መርከበኛው የሚያስበው በ6 ሜትር ነው፤ በጸጥታ ጊዜ የዚህን 4 ወይም 5 እጥፍ ቢለቅ ይበቃዋል፣ ዐውሎ ነፋስ በሚጠበቅበት ጊዜ ግን ከ7 እስከ 10 እጥፍ፣ ማለት ከ42 እስከ 60 ሜትር፣ መልቀቅ ይገባዋል። ባሕሩ በሰዓቱ የሚሞላና የሚጎድል ከሆነም ስሌቱ በሞላበት ልክ መሆን አለበት፤ ይህን መዘንጋት በመንፈቀ ሌሊት ይቀጣል።

የነፋስ ኀይል ሰውን የሚያታልል ነገር አለው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በጀልባዋ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ በሰላም ያደረ ሰው፣ በ90 ኪሎ ሜትር ነፋስ የሚገጥመው ነገር ከልምዱ ሁሉ ውጭ ነው። በቀላል ነፋስ ሰንሰለቱ በክብደቱ ረግቦ ስለሚተኛ እያንዳንዱን ግፊት ያለሰልሰዋል፤ በብርቱ ነፋስ ግን ቀጥ ብሎ ይወጠርና የሚያለሰልሰው ነገር ያልቃል። በዚያን ጊዜ ጀልባዋ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እየተወረወረች ጎኗን ለነፋሱ ትሰጣለች፣ ሰንሰለቱም በድንገት እየጎተተ ይመልሳታል፤ ብረት የሚሰበረውና መልሕቅ የሚነቀለው በዚህ ድንገተኛ ነውጥ ነው። መድኃኒቱ ናይሎን ገመድ ነው። ገመዱን በአንድ ጫፉ ከሰንሰለቱ፣ በሌላው ጫፉ በጀልባዋ ላይ ካለ ጽኑ ማሠሪያ ጋር አያይዘው ሰንሰለቱን ጥቂት ቢያረግቡት፣ ናይሎን የመለጠጥ ጠባይ ስላለው ነውጡን ሁሉ እርሱ ይቀበለዋል። ሆኖም ገመዱ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈገፈግ በጥቂት ሰዓት ሊበጠስ ይችላልና፣ የሚነካበትን ቦታ በቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል የግድ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው በቀን ብርሃን የሚፈጸም ሥራ ነው፤ ሞተሩን ወደ ኋላ አንቀሳቅሶ መልሕቁ መንከሱን ማረጋገጥ፣ ሸራውንና ነፋስ የሚይዘውን ነገር ሁሉ ማውረድ፣ በየብስ ላይ ሁለት ምልክት መርጦ ጀልባዋ ከቦታዋ አለመንሸራተቷን በየተራ መጠበቅ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቦታው መጥፎ ከሆነ አይጠቅምም። ጭቃና አሸዋ መልሕቅን ይይዛሉ፤ ዐለትና የባሕር ሣር ግን አይታመኑም። ከሁሉ ይልቅ ወሽመጡ ዛሬ ከሚነፍሰው ነፋስ ብቻ ሳይሆን ነገ ሊነሣ ከሚችለው ነፋስ የሚከለል መሆን አለበት። በ1982 በታኅሣሥ ወር በሜክሲኮ፣ በካቦ ሳን ሉካስ፣ የደረሰው ጥፋት ለዚህ ምስክር ነው። ያ ወሽመጥ ከምዕራብ ለሚመጣው የፓሲፊክ ነፋስ መልካም መጠለያ ሲሆን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ግን ክፍት ነው፤ የባሕሩም ወለል በድንገት ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ ጀልባዎቹ ሁሉ ከባሕሩ ዳር ተጠግተው፣ እርስ በርሳቸውም ተቀራርበው ቆመው ነበር። ነፋሱ በሌሊት ከክፍቱ በኩል መጣ። መልሕቁ የያዘለት እንኳ የጎረቤቱ ጀልባ ተንሸራትታ ስትመጣበት የሚያደርገው አልነበረውም፤ ሲነጋ ከሃያ የሚበልጡ ጀልባዎች በአሸዋው ላይ ወድቀው ተገኙ።

ከወደቁት አንዷ የፈረንሳዊው ሊቀ ሐመር የቤርናር ሞይትሲዬ «ጆሹዋ» ነበረች። ይህ ሰው በ1968 በጀመረው ብቸኛ ጉዞ፣ ዓለምን ለመዞር ከተደረገው ውድድር በፈቃዱ ወጥቶ፣ ወደብ ሳይነካ እስከ ታሂቲ የተጓዘ፣ የደቡብን ውቅያኖስ ማዕበል ሁሉ በዚህችው ጀልባ ያለፈ ነው። በውቅያኖስ ያልተሸነፈችው ጀልባ የወደቀችው መልሕቅ ጥላ በቆመችበት ነው። ሞይትሲዬ ጀልባዪቱን በስብራቷ ጊዜ ለረዱት ወጣቶች አሳልፎ ሰጣት፤ ከዚያም በፈረንሳይ አገር የላ ሮሼል የባሕር ሙዚየም በ1990 ገዝቶ አስጠገናት፤ ላ ሮሼልም መኖሪያዋ ሆነ።