ከፋብሪካ ቦይ የሚፈስ የውጭ ምንዛሪ

ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን ገበያ የሚሰበሰብ የበግ ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ፋብሪካ ሲደርስ ዋጋውን የሚወስነው ጥራቱ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ለማልፋት የሚያወጣው ወጪም ለነጋዴው ከሚከፈለው ላይ ይታሰባል። ከወጪዎቹ አንዱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባው ክሮም ነው።

በተለመደው አሠራር ቆዳው ከክሮሙ የሚጠጣው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። ከተገዛው 100 ኩንታል ከ30 እስከ 40ው ከእድፍ ውሃ ጋር ይወጣል ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ቆዳ ላይ 150 በመቶ ታክስ ከተጣለ ወዲህ ማልፋቱ አገር ውስጥ ቀርቷል፤ ፍሳሹም እንደዚሁ። የሞጆው ወንዝ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ የደብረ ብርሃኑ በረሳ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል።

ይህን ብረት መልሶ ለመያዝ ከሚጠኑት ዘዴዎች አንዱ «ፈሳሽ ስስ ሽፋን» ይባላል። የኬሚካል መሐንዲሱ ኖርማን ሊ በ1968 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። አሲድ ያቀፉ ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎች በቆሻሻው ውሃ ውስጥ ይበተናሉ። በዘይቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል የደላላ ሥራ ይሠራል፤ ብረቱን ከውጭው ውሃ ተቀብሎ፣ ዘይቱን አሻግሮ ለአሲዱ ያስረክብና ባዶውን ይመለሳል። ኮሚሽን አይጠይቅም። በመጨረሻ ጠብታው በኤሌክትሪክ ኃይል ይሰበርና ብረቱ ተጠራቅሞ ይገኛል። በኦስትሪያ የሌንዚንግ ፋብሪካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዚንክን ከቪስኮስ ፍሳሽ ያወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ክሮም ግን እንደ ዚንክ ገር አይደለም። ከዘይቱ ደላላ ጋር የሚስማማው በዝግታ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ውሃ ደግሞ ስብና ጨው ስላለበት ጠብታው ያለጊዜው ይፈርሳል። ስለዚህ ባለሀብት ዛሬ ገንዘቡን የሚያወጣበት ከሆነ ርካሹ መንገድ ይሻለዋል፦ ክሮሙን በማግኒዚየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ እንደገና ለማልፊያ ማዋል።

ሁለቱም ዘዴዎች አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ የክሮሙ ውሃ ከፀጉር መላጫውና ከማጠቢያው ውሃ ተለይቶ በራሱ ቦይ መውጣት አለበት። ከተደባለቀ በኋላ መለየቱ ዋጋ ያስከፍላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የሰጣቸው 5 ዓመት ካለፈ ቆይቷል። የቆዳ ፋብሪካ አክሲዮን ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከማሽኖቹ በፊት ቦዮቹን ቢቆጥር ይበጀዋል።