«ኢ.ሲ.» የሚለው ምልክት በመድኃኒት ዕቃ፣ በአፈር ምርመራና በመጋዘን መዝገብ ላይ

በሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፎ «ኢ.ሲ.» ተብሎ የሚነበበው አህጽሮት በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ብቻ ሦስት ቦታ ሊገኝ ይችላል። የሦስቱም ትርጉም የተለያየ ነው። የልማት ሠራተኞች ለይተው ካላወቁት በሰብልና በገንዘብ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ እያንዳንዱን እናስረዳለን።

«ማላታይን 50% ኢ.ሲ.» በሚለው ውስጥ ኢ.ሲ. የመድኃኒቱን አዘገጃጀት ይገልጻል። ተባዩን የሚገድለው ንጥረ ነገር በዘይት መሰል ማሟሟያ ሟሙቶ፣ ከውሃ ጋር የሚያዋሕደው ሌላ ቅመም ተጨምሮበታል ማለት ነው። ብርታቱን የሚያሳየው ቁጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ በአንድ ሊትር 500 ግራም ገዳይ ንጥረ ነገር አለ። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት ይነጣል። ሳይዋሐድ ዘይቱ ከላይ ከሰፈፈ ተበላሽቷልና አይረጭ። ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ባዶ ውሃ፣ የመጨረሻዎቹ ያልተበረዘ መድኃኒት ያገኛሉ፤ የኋለኞቹ ቅጠል ይቃጠላል። ማሟሟያው መድኃኒቱን በቆዳ በኩል በቀላሉ ስለሚያስገባው ያለ ጓንት መቅዳት አደገኛ ነው። ዕቃው «ዩ.ኤል.ቪ.» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያለ ውሃ፣ ለእርሱ በተሠራ መርጫ ብቻ ይረጫል።

በአፈር ምርመራ ወረቀት ላይ ኢ.ሲ. የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መጠን ነው። ጨው የበዛበት የአፈር ውሃ ኤሌክትሪክ አብዝቶ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ልኩ የጨዋማነት መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። በውሃ ከጠገበ የአፈር ጭቃ በተጨመቀ ውሃ ሲለካ 4 ዴሲሲመንስ በሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ሰብሎች ግን እኩል አይችሉትም። የሽንኩርት ምርት ከ1.2፣ የበቆሎ ከ1.7 በላይ መቀነስ ሲጀምር ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ይቋቋማሉ። እንደ አሚባራ ባሉ የአዋሽ መስኖ እርሻዎች ይህን ቁጥር ሳያዩ ሰብል መምረጥ ዘር መጣል ነው። አንዱን እጅ አፈር በአምስት እጅ ውሃ በጥብጦ የለካ ላቦራቶሪ የሚሰጠው ቁጥር በጣም ዝቅ ያለ ስለሚሆን ከ4 ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። አለካኩ ካልተጻፈ መጠየቅ ይገባል። መለኪያውም ይታይ፤ 1 ዴሲሲመንስ በሜትር ማለት 1000 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ነው።

ከአውሮፓ በመጣ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ከታየ ደግሞ የአውሮፓ ማኅበረሰብን ደንብ ያመለክታል፤ ለገበሬው የሚጨምረው ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ሦስተኛው፣ ማለትም የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው። በጎበኘነው አንድ መጋዘን ውስጥ የመድኃኒቱ ዕቃ ማብቂያውን «03/2019» ይላል። መዝጋቢው ይህንኑ ቁጥር እንዳለ ገልብጦ «ኢ.ሲ.» ጨምሮበታል። ዕቃው ከውጭ የመጣ ስለሆነ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ መድኃኒቱ ያበቃው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነበር። በመዝገቡ ግን እስከ ኅዳር 2019 ዓ.ም. ደኅና ነው፤ የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ስሕተት መሆኑ ነው። ስለሆነም በመዝገብ ላይ የዕቃው ቀን እንዳለ ከ«እ.ኤ.አ.» ጋር ይጻፍ፤ ከጎኑም ተሰልቶ በዓ.ም. ይቀመጥ። ሲሰላ በአውሮፓውያን ከጥር መጀመሪያ እስከ አዲስ ዓመታችን ዋዜማ 8 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻቸው 7 ዓመት ይቀነሳል፤ ወሩም ይለወጣል።