የመጀመሪያ የሥዕል ክፍል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

የመጀመሪያ የሥዕል ክፍል ማለት ከዚህ በፊት በመምህር ተመርተው ሥዕል ያልተማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የንድፍን፣ የብርሃንና ጥላን እንዲሁም የቀለምን መሠረታዊ ነገሮች የሚለማመዱበት ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት በመደበኛ ክፍለ ጊዜ፣ በትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ ክበብ ወይም በክረምት ሥልጠና መልክ ሊሰጥ ይችላል። መልኩ ቢለያይም ዋና ዓላማው ተማሪው ከመሳሉ በፊት በትክክል ማየትን እንዲለምድ ማድረግ ነው። ይህ ጽሑፍ ትምህርቱ ምን እንደሚመስል በደብረ ማርቆስና በአካባቢው የጎጃም ደጋ ላይ በማተኮር ያብራራል።

ታሪካዊ መነሻ

በጎጃም ሥዕል መማር የተጀመረው ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት ነው። አካባቢው በአብነት ትምህርት ቤቶቹ፣ በተለይም በቅኔ የታወቀ ሲሆን ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ከጥንታዊ ገዳማቱና አድባራቱ መካከል ይጠቀሳሉ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ቁም ጽሕፈትና ሥዕል ከእጅ ሙያዎች ይቆጠራሉ። ሙያውን የሚማር ሰው ከመምህሩ ሥር ሆኖ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥንና ከቀደሙ ሥዕሎች እያየ መገልበጥን ይለምዳል።

ክብ በሆኑ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ በሥዕል ይሸፈናል። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ የሚሳለው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ የሚገኙት የኡራ ኪዳነ ምሕረትና የአዝዋ ማርያም ሥዕሎች የዚህ ባህል ታዋቂ ምሳሌዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ የጎጃም ተማሪ ወደ ሥዕል ክፍል የሚገባው ምንም ሥዕል ሳያይ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በደብሩ ግድግዳ ላይ ያየው ብዙ ነው።

ዘመናዊው የሥዕል ትምህርት በአገሪቱ መደበኛ ቅርጽ የያዘው በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957/58) አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ነው። መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተወለዱና በአሜሪካ በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት የተማሩ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በእርሳቸው ስም ይጠራል። የመሥራቹ የሕይወት ታሪክ ጀማሪ ተማሪ የሚገጥመውን ሁኔታ በአጭሩ ያሳያል፤ በአንድ በኩል ከአባቶች የተወረሰ አሳሳል፣ በሌላ በኩል ዕቃንና ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ የመንደፍ ልምምድ።

በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያለው ቦታ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በታችኞቹ ክፍሎች ሥዕል ከሙዚቃና ከትያትር ጋር ተጣምሮ «ክወናና ዕይታ ጥበባት» በሚል የትምህርት ዓይነት ውስጥ ይሰጣል። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሚሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ሥዕል አይፈተንም። በዚህ ምክንያት ተማሪውም ወላጁም ጊዜውን ለሒሳብ፣ ለእንግሊዝኛና ለሌሎቹ የሚፈተኑ ትምህርቶች መስጠቱ የሚጠበቅ ነው።

ይህ ግን የራሱ ችግር አለው። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈልግ አመልካች በተግባር የንድፍ ፈተና ይፈተናል። በእጁ ላይ ያለው ችሎታ በአንድ ወር ጥናት የሚመጣ ባለመሆኑ በሁለተኛ ደረጃ ያልተለማመደ ተማሪ፣ ፍላጎቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ወደ ፈተናው ባዶ እጁን ይቀርባል። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ተማሪ የትምህርት ቤቱ ክፍል ወይም ክበብ ብቸኛው የመለማመጃ ቦታ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

ለመጀመር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። መሠረታዊዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

እርሳስ፦ የእርሳስ ውስጠኛ ክፍል ከግራፋይትና ከሸክላ አፈር ድብልቅ ይሠራል። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ጠንካራና ፈዛዛ ይሆናል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ለስላሳና ጥቁር ይሆናል። «ኤች» የሚለው ምልክት ጥንካሬን፣ «ቢ» ደግሞ ጥቁረትን ያመለክታል። በየሱቁ የሚሸጠው «ኤች ቢ» መካከለኛው ነው። «2ቢ» እና «4ቢ» ከተገኙ ለጥላ ይጠቅማሉ።

ወረቀት፦ ለልምምድ አንድ ገጹ የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ይበቃል። መስመር የሌለው ደብተር ካለ ግን ሥራዎቹ በቅደም ተከተል ተጠብቀው ይቆያሉ።

ከሰል፦ የምድጃ ከሰል ብዙ ጊዜ ለወረቀት ጠንካራ ነው። የተሻለው ቀጫጭን ደረቅ እንጨቶችን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ እሳት ውስጥ በማክሰል ይገኛል። እንጨቱ አየር ስለማያገኝ ወደ አመድ ሳይለወጥ ይከስላል። ጭሱ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ በክዳኑ ላይ መኖር አለበት፤ ቆርቆሮውም ሳይቀዘቅዝ መከፈት የለበትም። በከሰል የተሠራ ንድፍ በቀላሉ ስለሚጠፋ በሁለት ወረቀት መካከል ይቀመጣል።

ሌሎች፦ ላጲስ፣ መቅረጫና ማስመሪያ። ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያስፈልግም።

የትምህርቱ ይዘት

ቅደም ተከተሉ እንደ መምህሩ ይለያያል። በአብዛኛው ግን ከመስመር ተነስቶ ወደ ጥላ፣ ከዚያም ወደ ርቀትና ወደ ቀለም ይሄዳል።

መስመርና ልኬት

የመጀመሪያው ልምምድ የአንድን ዕቃ የዳር መስመር መከተል ነው። ተማሪው ዓይኑን በዕቃው ጠርዝ ላይ በዝግታ ያንቀሳቅሳል፤ እጁም በዚያው ፍጥነት በወረቀቱ ላይ ይሄዳል። አንዳንድ መምህራን ወረቀቱን ጨርሶ ሳያዩ እንዲስሉ ያዛሉ። ውጤቱ የተዛባ ሥዕል ስለሚሆን ክፍሉ ይስቃል፤ ዓላማው ግን ዓይንና እጅ አብረው እንዲሄዱ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። ተማሪው ክንዱን ዘርግቶ እርሳሱን በዓይኑ ፊት ይይዛል፤ በአውራ ጣቱም የዕቃውን ስፋት ምልክት አድርጎ ከቁመቱ ጋር ያነጻጽራል። ክንዱ ከታጠፈ ልኬቱ ይለወጣል። በዚህ ዘዴ ለምሳሌ የጀበና አንገት ከሆዱ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጅ እንደሆነ ይታወቃል። በጀበናው እጀታና በአንገቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ቅርጽ መሳልም የተለመደ ልምምድ ነው፤ ባዶው ቦታ ትክክል ከሆነ እጀታው ሳይታሰብበት ትክክል ይሆናል።

የሲኒ ሥዕል የጀማሪን ስሕተት በግልጽ ያሳያል። ተማሪው የሲኒ አፍ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ ክብ አድርጎ ይስለዋል። ሲኒው ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ለዓይን የሚታየው ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ቅርጽ ነው። መቀመጫውንም ጠረጴዛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ቀጥ ባለ መስመር ይዘጋዋል፤ የሚታየው ግን ወደ ታች የጎበጠ መስመር ነው። ስሕተቱ የእጅ ድክመት አይደለም፤ እውቀት የዓይንን ቦታ ስለወሰደ የመጣ ነው።

ብርሃንና ጥላ

አንድ እንቁላል በመስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ለዚህ ልምምድ በቂ ነው። በእንቁላሉ ላይ ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ጥቁሩ የጥላ ክፍልና ከወረቀቱ ተንጸባርቆ በታችኛው ጠርዝ የሚታየው ደብዛዛ ብርሃን ይለያሉ። ከእንቁላሉ ውጭ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የወደቀው ጥላ አለ። ከዚያ በፊት ተማሪው ከነጭ እስከ ጥቁር የሚሄዱ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሳጥኖችን በአንድ እርሳስ እንዲሞላ ይደረጋል። ጀማሪዎች ጥቁሩን ስለሚፈሩ ሥዕላቸው ሁሉ ግራጫ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው። ጥላን በጣት ማሻሸትም ወረቀቱን ስለሚያቆሽሽ መጀመሪያ ላይ ብዙ መምህራን አይፈቅዱትም።

ርቀት

ርቀትን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማሳየት ፐርስፔክቲቭ ይባላል። መሠረቱ የአድማስ መስመር ሲሆን ሁልጊዜ ከተመልካቹ ዓይን ከፍታ ጋር እኩል ነው። በደረጃ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ ሁለት ዳሮች በዚህ መስመር ላይ በአንድ ነጥብ የሚገናኙ ይመስላሉ፤ በመንገዱ ዳር የተተከሉ ባሕር ዛፎችም ወደ ነጥቡ በቀረቡ ቁጥር ያንሳሉ፣ ይቀራረባሉም።

ሁለተኛው የርቀት ምልክት አየር ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከዝናብ በኋላ ወደ ተራሮቹ የሚመለከት ሰው ቅርቡን ሸንተረር ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀጣዩን ግራጫማ፣ የመጨረሻውን ሰማያዊና ፈዛዛ ሆኖ ያየዋል። በእርሳስ ሲሳል የሩቁ ቀላል፣ የቅርቡ ጠቆር ያለ ይደረጋል። ጀማሪ ተማሪ ሁሉንም ተራራ በእኩል ጥቁረት ስለሚስል ሥዕሉ ርቀት ያጣል።

የሰው ፊትና አካል

በአዋቂ ሰው ላይ ዓይኖች በግምት ከራስ ቁመት መካከል ላይ ይገኛሉ። ጀማሪዎች ግንባርንና ጸጉርን ስለሚያሳንሱ ዓይኖችን ወደ ላይ ያወጧቸዋል። የቆመ አዋቂ ቁመት ደግሞ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ያህል ራስ ነው። ለአካል እንቅስቃሴ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ፈጣን ንድፍ ይሠራል። የገበያ ቀን ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ጋቢ ለብሶ ዱላ የያዘ ገበሬ ወይም እንስራ ያዘለች ሴት ብዙ ስለማይቆሙ ተማሪው ዋናውን አቋም ብቻ መያዝን ይማራል። የሚሳለውን ሰው ፈቃድ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ቀለም

ከቀይ፣ ከቢጫና ከሰማያዊ በመነሳት ሌሎቹ ቀለሞች ይደባለቃሉ። ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴን፣ ቀይና ቢጫ ብርቱካናማን፣ ቀይና ሰማያዊ ሐምራዊን ይሰጣሉ። እንደ ቀይና አረንጓዴ ያሉ ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ይደማመቃሉ፤ ሲደባለቁ ግን ቡናማና ግራጫ ይሆናሉ። ተማሪው ለጥላ ጥቁር ከመጨመር ይልቅ ይህን ድብልቅ እንዲሞክር ይመከራል።

ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር ያለው ግንኙነት

በክፍሉ የሚማረው አሳሳልና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው አሳሳል የተለያየ ሕግ አላቸው። በባህላዊው ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሳላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያሉ። የሰው መጠን በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ሊወሰን ይችላል። ዓይኖች ትልልቅ ናቸው፤ የዳር መስመሩ ጎልቶ ይታያል፤ ጥላም ከአንድ መስኮት እንደሚገባ ብርሃን አይከተልም። ይህ የሠዓሊው አለማወቅ ሳይሆን ትርጉም ያለው ሥርዓት ነው፤ ሥዕሉ የሚነግረው ማን ማን እንደሆነ እንጂ በአንድ ሰዓት ከአንድ ቦታ የታየውን አይደለም።

በዚህ ምክንያት ባህላዊ ሥዕል ሲገለብጥ ያደገ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ግራ ሊጋባ ይችላል። እጁ የሰለጠነ፣ መስመሩ የጠራ ሊሆን ይችላል፤ ከፊቱ የተቀመጠውን ሲኒ ሲስል ግን ልክ እንደ ሌሎቹ ይሳሳታል። መፍትሔው የቀደመውን መተው አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅና በየትኛው ሕግ እየሳለ እንደሆነ መገንዘብ ይበቃዋል። ታዋቂ ሠዓሊያንም ከሁለቱ ተጠቅመዋል። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ላይ በሠሯቸው ሥራዎች፣ እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በሥዕሎቻቸው ከብራናና ከክታብ የተወሰዱ ቅርጾችን ከዘመናዊ አሳሳል ጋር አዋሕደዋል።

ምዘናና የጋራ ግምገማ

በሥዕል ክፍል አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ የለም፤ ይህ ማለት ግን መመዘኛ የለም ማለት አይደለም። ልኬት፣ የጥላ አቀማመጥ፣ በወረቀቱ ላይ ያለ የቦታ አጠቃቀም፣ ሥራን መጨረስና መሻሻል ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ሥራዎቹ በግድግዳ ላይ ተለጥፈው ተማሪዎች እርስ በርሳቸው አስተያየት ይሰጣጣሉ። «ያምራል» ወይም «አያምርም» የሚል አስተያየት ለሠሪው ብዙም አይጠቅምም። «የጀበናው አንገት ረዝሟል» የሚለው ግን የሚታረም ነገር ያሳያል።

የተለመዱ ችግሮች

ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ሥዕል የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ነው የሚለው አመለካከት ነው። ተሰጥኦ ልዩነት ቢያመጣም ልኬት፣ ጥላና ፐርስፔክቲቭ በልምምድ የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው። ሌላው ከፎቶግራፍ ወይም ከስልክ ምስል ብቻ መገልበጥ ነው። ፎቶግራፍ ርቀቱን አስቀድሞ ወደ ጠፍጣፋ ስለለወጠው ተማሪው ዋናውን ሥራ ሳይለማመድ ያልፋል። በተጨማሪም ክፍለ ጊዜው አጭር፣ የተማሪው ቁጥር ደግሞ ብዙ ስለሚሆን ዋናው ልምምድ ከክፍል ውጭ መቀጠል አለበት። በየቀኑ 15 ደቂቃ መሳል በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመሳል የተሻለ ውጤት ያመጣል።

ከትምህርቱ በኋላ

ንድፍ የለመደ ተማሪ ችሎታው ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውጭም ያገለግለዋል። የሥነ ሕንፃ ትምህርት፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የፋሽን ዲዛይን ትምህርት፣ የኮምፒውተር ግራፊክስና አኒሜሽን ሁሉም ቅርጽን በትክክል አይቶ በወረቀት ላይ ማስቀመጥን ይፈልጋሉ። በሥነ ሕይወት ትምህርትም የቅጠልና የአበባ ንድፍ ይሠራል። ለመግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ሥራዎቹን ቀን እየጻፈ በአንድ ላይ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል፤ የመጀመሪያውን ሲኒና የቅርብ ጊዜውን ጎን ለጎን ሲያይ ምን እንደተሻሻለና ምን እንደቀረው ራሱ መለየት ይችላል።