ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረው የዳሎል ፖታሽ

በአፋር፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው የዳሎል ሜዳ ሁለት ሀብት አለ። አንደኛው ላዩ ላይ ያለው አሞሌ ነው፤ አሳሌ ሐይቅ ዳር በወፍራም እንጨት እየተፈነቀለ፣ በመጥረቢያ እየተጠረበ፣ በግመልና በአህያ ተጭኖ በበርሃሌ በኩል ወደ ትግራይ ደጋ ሲወጣ የኖረው። ሁለተኛው ከሥሩ የተኛው ፖታሽ ነው። አሞሌው ለዘመናት ገዢ አላጣም፤ ገንዘብ እስከ መሆን ደርሶ በ1520ዎቹ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሰው በጨው ሲገበያይ አይቶ ጽፏል። ፖታሹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆፈር፣ ሲለካ፣ ፈቃድ ሲወጣበት፣ ሲሸጥና ሲተው ኖሮ እስከ ዛሬ ለኢትዮጵያ ገበሬ ማዳበሪያ ሆኖ አልቀረበም። ለዚህ ልዩነት የድንጋዩ ዓይነትም የበረሃው ሙቀትም በቂ ምክንያት አይሆኑም። የአሞሌው ገዢ ደገኛው ነበር፤ ቅርብ ነበር፤ በየዓመቱ ይፈልገው ነበር። ፖታሹ ግን በየዘመኑ የታቀደው ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ፣ ዋጋው ሌላ አገር ለሚወሰን ገበያ ነው። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ የሚቀጥለው ፈቃድም የቀደሙት ፈቃዶች ዕጣ ይገጥመዋል ብዬ እሰጋለሁ።

ሀብቱ ስለ መኖሩ ክርክር የለም። ቀይ ባሕር በተለያየ ዘመን ወደዚህ ዝቅተኛ ሥፍራ እየገባ፣ በኋላም መግቢያው እየተዘጋበት ውሃው በፀሐይ ተንኖ አልቋል፤ የቀረው ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ይገመታል። በዚያ ጨው ውስጥ ፖታሽ የያዙት ንብርብሮች በቅደም ተከተል ተነባብረዋል፦ ከላይ ሲልቪናይት፣ ቀጥሎ ካርናላይት፣ ከታች ካይናይት። ካይናይት ከፖታሲየም ጋር ማግኒዝየምና ሰልፌትም ስላለው ፖታሲየም ሰልፌት የተባለውን፣ ከተራው ፖታሲየም ክሎራይድ በዋጋ የሚበልጠውን ማዳበሪያ ለማምረት ያገለግላል። ክሎራይድ የሚጎዳቸው እንደ ትምባሆና አንዳንድ ፍራፍሬ ያሉ ተክሎች የሚፈልጉት ይህንን ነው። ተመሳሳይ ንብርብር ድንበሩን ተሻግሮ ኤርትራ ውስጥ ኮሉሊ ላይ ይገኛል፤ እዚያ ማዕድኑ ከመሬት 16 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። በዚህ ላይ ማዕድኑ የሟሟበትን ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው ፀሐይ አለ። በ1960ዎቹ ዳሎል ላይ የነበረው የማዕድን ካምፕ የመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ሰው በሚኖርበት ሥፍራ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለሠራተኛው ጉልበት የሚጨርስ፣ ለትነት ገንዳ ግን ነፃ ነዳጅ ነው።

የመጀመሪያውን ቁፋሮ የወለደው የሌላ አገር ችግር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለም ፖታሽ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይመጣ የነበረው ከጀርመን ነው። ጦርነቱ ያንን ምንጭ ሲዘጋ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ኤርትራን ይዘው የነበሩት ጣሊያኖችም ዓይናቸውን ወደ ዳሎል ጣሉ። በቀይ ባሕር ዳር ካለችው መርሳ ፋጥማ ተነሥቶ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀረው የሚደርስ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ ሥራው ያለቀው በሚያዝያ 1918 ነው። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ 50,000 ቶን ያህል ፖታሽ መመረቱ ይነገራል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጦርነቱ ቆመ፤ የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ የአሜሪካና የሶቭየት ኅብረትም ተጨመረበት፤ የዳሎል ሥራ ተቋረጠ። ከ1925 እስከ 1929 አንድ የጣሊያን ኩባንያ 25,000 ቶን ያህል አወጣ፤ እሱም አልቀጠለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሐዲዱን ነቅለው ወሰዱት። ከ1951 እስከ 1953 በአስመራ የነበረ አንድ ኩባንያ ጥቂት ቶን ለህንድ ሸጠ። ከዚያም በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ወስዶ ለዓመታት ቆፈረ፤ ሙስሊ በተባለው ቦታ ወደ ማዕድኑ የሚወርድ ጉድጓድ አበጅቶ ብዙ መረጃ ከሰበሰበ በኋላ ሥራውን ከፍጻሜ ሳያደርስ ወጣ። ዛሬም ጂኦሎጂስቶች ይህን የፖታሽ ንብርብር የሚጠሩት ሂዩስተን በሚል ስም መሆኑ የዚያ ዘመን አሻራ ነው። በእነዚህ ሁሉ ሙከራዎች ውስጥ ደጋው እንደ ገበያ አልተቆጠረም። ከመርሳ ፋጥማ መርከብ ሲጠፋ ወይም ዋጋ ሲወርድ ምርቱን የሚቀበል ሌላ ሰው አልነበረም።

በእኛ ዘመን የተደገመውም ይኸው ነው፤ የተለወጠው የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው። የካናዳው አላና ፖታሽ በ2008 ቦታውን ይዞ አሰሳ አካሄደ፣ የአዋጭነት ጥናት አጠናቀቀ፣ በ2013 በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ቶን የማምረት ዕቅድ ይዞ የማዕድን ሥራ ፈቃድ አገኘ። በ2015 የሙት ባሕርን ጨው በትነት ገንዳ በማምረት የበለጸገው የእስራኤሉ አይሲኤል ኩባንያውን ገዛው። ከዚህ የተሻለ ልምድ ያለው ባለሀብት ይመጣል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነበር። አይሲኤል ግን በ2016 መንግሥት የሚያስፈልገውን መሠረተ ልማት አላቀረበም፣ አግባብ ያልሆነ ግብርም ጠይቆኛል ብሎ ፕሮጀክቱን ትቶ ወጣ። የኖርዌዩ ያራ በበኩሉ በ740 ሚሊዮን ዶላር ወጪ በዓመት 600,000 ቶን ፖታሲየም ሰልፌት ለ23 ዓመት ለማምረት አቅዶ ነበር፤ ሰርከም ሚነራልስ የተባለው ሦስተኛ ኩባንያም በዚያው ሜዳ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ዕቅድ አቀረበ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2022 መጀመሪያ ውጊያው ራሷን በርሃሌን አዳረሰ። ከእነዚህ ዕቅዶች ውስጥ ለገበያ የሚሆን ፖታሽ ማምረት የጀመረ የለም።

ዕቅዶቹ ፊታቸውን ወደ ባሕር ለማዞራቸው ከባዱ ማስረጃ የታጁራ ወደብ ነው። ጅቡቲ ይህን ወደብ የሠራችው በዋናነት የኢትዮጵያን ፖታሽ ለመጫን ሲሆን የተመረቀው በሰኔ 2017 ነው፤ አይሲኤል ዳሎልን ለቆ ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ወደቡን ከማዕድኑ ጋር ያገናኛል የተባለው የሰሜን የባቡር መስመር መቀሌ ሳይደርስ ቆመ። ማዕድኑ የኩባንያ፣ ወደቡ የጎረቤት መንግሥት፣ ሐዲዱ የእኛ፣ ውሃውና መብራቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ሆኖ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁሉም አርፍደዋል። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፦ ችግሩ የመንገድ ርዝመት ከሆነ ከቀይ ባሕር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀው የኤርትራው ኮሉሊ ለምን አልቀደመንም? ጥያቄው ትክክል ነው። ኮሉሊን ከኤርትራ መንግሥት ድርጅት ጋር እኩል ይዞ የነበረው የአውስትራሊያው ዳናካሊ ለዓመታት የግንባታ ገንዘብ ሲያፈላልግ ቆይቶ በ2023 ድርሻውን ለቻይናው ሲቹዋን ሮድ ኤንድ ብሪጅ ሸጧል። ኤርትራ ከ2009 እስከ 2018 በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ሥር መኖሯ አበዳሪን አይስብም። ይህ ግን ሐሳቤን አያፈርሰውም። ለባሕር ማዶ ገዢ ብቻ የታቀደ ማዕድን ቅርብ ሆኖም ሩቅ ሆኖም የሚቆመው በውጭ አበዳሪ እምነት ላይ ነው፤ ያ እምነት ደግሞ በአፍሪካ ቀንድ አገሮች በቀላሉ የሚናድ ነገር ነው።

ታዲያ ደጋው ፖታሽ ይፈልጋል? ለረጅም ጊዜ የነበረው መልስ አይፈልግም የሚል ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መርፊ የተባለው ተመራማሪ ያደረገው የአፈር ጥናት የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አያንሰውም የሚል ግንዛቤ ጥሎ አለፈ፤ ገበሬያችንም ለአሥርተ ዓመታት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲገዛ ኖረ። በ2012 የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ከሰልፈር፣ ከዚንክና ከቦሮን ጋር ፖታሲየምም የጎደለባቸው ሰፋፊ አካባቢዎች ተገኙ። በሁሉም ቦታ አይደለም፤ ለፖታሽ የሚሰጠው የምርት ጭማሪ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የአፈር ባለሙያዎች ራሳቸው ይከራከሩበታል። ሆኖም በየዓመቱ እህሉ ብቻ ሳይሆን ገለባውም ለከብት፣ ኩበቱም ለማገዶ ከሚወሰድበት ማሳ ፖታሲየም እየወጣ እንደሚሄድ ለመረዳት ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ድንች፣ ሙዝና እንሰት ደግሞ ከአፈር ብዙ ፖታሲየም የሚወስዱ ተክሎች ናቸው። በዚሁ ካርታ መነሻነት በቱሉ ቦሎ፣ በነቀምቴ፣ በባሕር ዳር፣ በወራቤና በመቀሌ የገበሬ ዩኒየኖች የማዳበሪያ ማደባለቂያ ፋብሪካዎች ተተክለው ነበር። የመቀሌው ከጨው ሜዳው በተሽከርካሪ የጥቂት ሰዓት መንገድ ብቻ ይርቃል፤ በአሞሌው ጥንታዊ መስመር ላይም አስፋልት ተነጥፏል። ፖታሹ፣ ማደባለቂያው፣ መንገዱና ገበሬው በአንድ ካርታ ላይ እያሉ ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ በኩል በዶላር ማስገባቷ ያሳዝነኛል።

ከባዱ መከራከሪያ የመጠን ነው። የአገር ውስጥ ፍላጎት ትንሽ ነው፣ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን የማያመርት ፋብሪካ ከካናዳና ከሩሲያ ርካሽ ፖታሽ ጋር አይወዳደርም ይባላል። ለመርከብ ጭነት ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣ ማዳበሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ የሚደርሰው የባሕር ጭነት፣ የወደብ ኪራይና የየብስ ማጓጓዣ ተደምሮበት ነው፤ የዳሎል ፖታሽ ታጁራ ላይ ሲደርስ የሚሸነፍበት ርቀት መቀሌ ላይ የሚያሸንፍበት ርቀት ይሆናል። በትንሹ መጀመርም አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የዓለም ስም ያለው የሙት ባሕር ፖታሽ የተጀመረው በሳይቤሪያ ተወላጁ የማዕድን መሐንዲስ በሞሼ ኖቮሜይስኪ ነው፤ ሰውየው ቦታውን ከ1911 ጀምሮ ሲያጠና ቆይቶ ፈቃዱን ያገኘው በ1930 ነበር። ሐዲድ አልነበረውም፤ ምርቱ በጭነት መኪና ሽቅብ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣ ነበር፤ መንገድ ካልነበረው የሐይቁ ደቡብ ጫፍም ጥሬ ጨው በጀልባ ወደ ሰሜኑ ፋብሪካ ይመላለስ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለው ኢንዱስትሪ ያደገው ደረጃ በደረጃ ነው። የእኛ ዕቅዶች ግን ገና ከመነሻቸው የመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ብድር፣ አዲስ ወደብና አዲስ ሐዲድ በአንድ ጊዜ እንዲገጣጠሙላቸው የሚሹ ነበሩ።

የውጭ ምንዛሪስ? አገሪቱ ዶላር ስለሚያስፈልጋት ወደ ውጭ መላክ ይቅር የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን እነዚያ ታላላቅ የኤክስፖርት ዕቅዶች በፖታሽ ሽያጭ ያስገቡት ዶላር የለም። በ2022 ሩሲያና ቤላሩስ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ፖታሽን ባስወደደ ጊዜ እንኳ ዳሎል የሚሸጠው ነገር አልነበረውም፤ በ2023 ደግሞ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ተቃውሞ አሰምተዋል። በ2025 ከዳንጎቴ ጋር ለጎዴ የተፈረመው የዩሪያ ፋብሪካ ስምምነት መንግሥት የማዳበሪያን ጥሬ ሀብት ከአገር ውስጥ ፍላጎት ጋር አያይዞ ማየት መጀመሩን ያመለክታል። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ፖታሲየሙ ያለው ዳሎል ነው፤ ያው አስተሳሰብ ወደዚያም መሻገር አለበት።

ወደ ደጋ የሚያይ ዕቅድም ቢሆን በአፋሮች ራስ ላይ ተረማምዶ መሄድ የለበትም። ማዕድኑን በውሃ እያሟሙ ማውጣት ብዙ ውሃ ይጠይቃል፤ በዚያ ሜዳ ዳር ያለው ጥቂት ውሃ ከደጋው በጎርፍ ወርዶ በደለሉ ውስጥ የሚከማቸው ነው፤ አርብቶ አደሩና ግመሉም የሚኖሩት በዚያው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከግጦሽ መሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 43 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ፣ በአንቀጽ 98 ከትላልቅ ማዕድን ሥራዎች የሚገኘው የትርፍ ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራልና የክልል የጋራ እንዲሆን ደንግጓል። አሞሌ በሚቆርጡት ሰዎች ዘንድ ማን ይፈነቅላል፣ ማን ይጠርባል፣ ማን ይጭናል የሚለው በልማድ የታወቀ ነው፤ ለፖታሹ ግን እንዲህ ያለ የሥራና የጥቅም ክፍፍል ከአካባቢው ሰው ጋር ገና አልተበጀም። ስለዚህ ቀጣዩ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት መቅደም ያለባቸው ሥራዎች አሉ። በየኩባንያው ዘመን የተቆፈሩት ጉድጓዶች መረጃና የአዋጭነት ጥናቶቹ በጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት እጅ ተሰብስበው ለሕዝብ ክፍት ይሁኑ። የከርሰ ምድር ውሃው መጠን ከኩባንያ ነፃ በሆነ ወገን ተለክቶ ለቀበሌዎቹ ሰዎች በአፋርኛ ይነገር። በውሉ ውስጥም ከመጀመሪያው ምርት ቁርጥ ያለ ድርሻ ለአገር ውስጥ ማደባለቂያዎች እንዲሄድ ይጻፍ። ይህን ለመጀመር ሐዲዱ መቀሌ እስኪደርስ መጠበቅ አያሻም።