ወፍ የምትፈርድበት ጥበብ

ዴንማርካዊው ቶማስ ዳምቦ ስሙ የገነነው ከወዳደቀ እንጨት በሚያቆማቸው፣ በሰሜን አውሮፓ ተረት «ትሮል» በሚባሉ ግዙፍ ፍጡራን ነው። ከእነሱ በፊት ግን ከተጣለ ጣውላ የወፍ ቤት እየሠራ፣ ደማቅ ቀለም እየቀባ በከተማ ግድግዳና ዛፍ ላይ ይሰቅል ነበር፤ ቁጥራቸውም ከ3,000 አልፏል። ሁለቱን ያገናኘበት ሥራም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ምዕራባዊ ዳርቻ ካቆማቸው 6 ግዙፎች አንዷ፣ «ትንሿ ቲልዴ»፣ ገላዋ የወፍ ቤቶችን አቅፏል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲወደስ የሚነሳለት ቆሻሻን ለቁም ነገር ማዋሉና ዓይን መማረኩ ነው። ሁለቱም ያስመሰግኑታል። መጠለያ ነኝ ባለ ጥበብ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ የምትሰጠው ግን ወፏ ናት፤ የእሷ መመዘኛ ደግሞ ከእኛ በጣም ይለያል።

ብዙ የአውሮፓ ወፎች የሚፈለፍሉት በዛፍ ጉድጓድ ወይም በግንብ ስንጥቅ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ቀዳዳውን ራሳቸው አይቦረቡሩም፤ እርጅና የከፈተውን ወይም ግንደ ቆርቁር ጥሎት የሄደውን ይወርሳሉ። ከተማ ያረጀውን ዛፍ «ይወድቃል» ብላ ትቆርጣለች፤ ሙቀት እንዳያመልጥ ስትልም የጣሪያውን ስንጥቅ ትደፍናለች። በብሪታንያ የቤት ድንቢጥ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥራቸው ክፉኛ ከቀነሰ ወፎች ቀይ መዝገብ ላይ ሰፍራለች፤ የጎጆ ቦታ ማጣት ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም አንዱ ነው። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ጉድጓድ ጥቅም አለው፤ ልኩ ከተጠበቀ። ቲት ከሚባሉት ትናንሽ ወፎች ለሰማያዊዋ ቲት 25 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል፣ ታላቋ ቲት 28፣ ድንቢጥ 32 ትፈልጋለች። ጉርብትናም ይታሰባል። ድንቢጥ ተጠጋግታ መኖር ትወዳለች፤ ቲት ግን በመራቢያ ወቅት የራሷን ወገን ከአካባቢዋ ታባርራለች። ስለዚህ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች የተደረደሩበት ግድግዳ ለፎቶ ቢያምርም፣ ለቲት አብዛኛው ባዶ ሕንፃ ነው።

«ከተጣለ ዕቃ የተሠራ» መባሉም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ያልታከመ ወፍራም ጣውላ ሙቀትና ብርድ ይከላከላል፤ ቆርቆሮና ስስ ፕላስቲክ በፀሐይ ይግላሉ፣ ጫጩት ይፈጃሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ፣ ከምስጥና ከብስባሴ እንዲጠበቅ የታከመ አሮጌ እንጨትም አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ላይ የታተመው ምልክት እንኳ ይነበባል፦ «ኤችቲ» በሙቀት የታከመ፣ «ኤምቢ» ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ቅርፅ ላይ የሚነሳው ጠንካራው ተቃውሞ ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ዛፍ ይተከልበት የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ቲት ጫጩቶቿን በዋናነት የምትመግበው አባጨጓሬ ስለሆነ፣ ዛፍ በሌለበት የተሰቀለ ቤት ጓዳው ባዶ ነው። ነገር ግን ዛሬ የተተከለ ችግኝ ጉድጓድ እስኪያወጣ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል፤ ቅርፁ የሚያገለግለው በዚህ መካከል ነው። ሌላው ስጋት ሕዝቡ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ብሬክንሪጅ ከተማ የቆመው የዳምቦ ትሮል ከመጠን ያለፈ ጎብኚ ስለሳበ፣ በነዋሪዎች አቤቱታ ፈርሶ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቦታ ተተክሏል። ሰውን የረበሸ ግርግር በእንቁላል ላይ ለተቀመጠች ወፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ይህ ግን የሚፈታው በቦታ ምርጫ ነው፤ ቤቶቹን ከእጅ አርቆ፣ ከመንገዱ በተቃራኒ በኩል ማድረግ ይቻላል። የሚከብደው ከምረቃው በኋላ ያለው ነው። አሮጌ ጎጆ ቁንጫ ስለሚያፈራ በየዓመቱ ከመራቢያ ወቅት በኋላ፣ በመኸር፣ መጠረግ አለበት፤ እንጨቱም ይበሰብሳል። መሰላል ይዞ የሚወጣው ሠራተኛ ደመወዝ ከቅርፁ ዋጋ ጋር በአንድ ውል መጻፍ ይኖርበታል።