ከከሰል ድንጋይ በኋላ፤ የሊምቡርግ ጸጥተኛ የብስክሌት መንገዶችና የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴ የለመደው ገበያ ሲጠፋበት የመጀመሪያ ሥራው በመጋዘኑ ጥግ የቀረውን ዕቃ እንደገና መቍጠር ነው። ሌላው ሰው ጥራጊ ነው ብሎ ያለፈው ነገር አንዳንድ ጊዜ የሱቁ መዳኛ ይሆናልና። ይህን የነጋዴ ልማድ አንድ ጠቅላይ ግዛት በሙሉ ሲሠራበት ማየት ግን ብርቅ ነው። በቤልጅየም ሰሜን ምሥራቅ፣ ከኔዘርላንድ ወሰን አጠገብ የምትገኘው ሊምቡርግ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የከሰል ድንጋይ ንግዷ በሞተ ጊዜ ጫካ፣ ሐይቅና የድንጋይ ክምር ቀሩላት። በእነዚህ መካከል ጸጥ ያሉ የብስክሌት መንገዶችን አያይዛ ዛሬ ከቅርብም ከሩቅም እንግዳ ትቀበልባቸዋለች። ጉዳዩ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለ ሱቁም የሚጠቅም ትምህርት ስላለበት ለአንባቢዎቻችን እነሆ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኮረብታው፣ ጫካውና ሐይቁ ከየት መጡ?

ሊምቡርግ ቀድሞ አሸዋማና እርሻው የማያጠግብ አገር ነበረች። በ1901 ዓ.ም. የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት አንድሬ ዱሞን አስ በምትባል መንደር ባስቈፈሩት ጕድጓድ የከሰል ድንጋይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሰባት የማዕድን ማውጫዎች ተራ በተራ ተከፈቱ፤ ከአገሬው ሰው ሌላ ከጣልያን፣ ከግሪክ፣ ከቱርክና ከሞሮኮ ብዙ ሠራተኛ መጥቶ ሰፈረ።

የከሰሉ ሥራ የአገሩን መልክ ለወጠው። ከመሬት በታች ያለው መተላለፊያ እንዳይደረመስ በእንጨት መደገፍ ስለ ነበረበት፣ ለዚሁ የሚሆን ጥድ በአሸዋማው ሜዳ ላይ በብዛት ተተከለ። ከከሰሉ ጋር የወጣው ከንቱ ድንጋይ በየማውጫው አጠገብ እየተከመረ በሜዳ አገር ላይ ኮረብታ ሆኖ ቆመ። በማስ ወንዝ አካባቢ ደግሞ ጠጠርና አሸዋ የወጣባቸው ጕድጓዶች ውሃ ሞላቸውና ሐይቅ ሆኑ። በሀሰልትና በጌንክ ከተሞች ዙሪያ ከሺህ የሚበልጡ ኵሬዎች አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ለማርባት በሰው እጅ የተበጁ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ እንግዳው የተፈጥሮ ውበት ብሎ የሚያደንቀው አብዛኛው ነገር የቀድሞ ንግድ ቅሪት ነው ማለት ይቻላል።

ያ ንግድ በቀላሉ አልተዘጋም። በ1966 ዓ.ም. የዝዋርትበርግ ማውጫ ይዘጋል በተባለ ጊዜ በተነሣው ሁከት ሁለት ሰዎች ሞቱ። የመጨረሻው የዞልደር ማውጫ በ1992 ዓ.ም. ሲዘጋ በቤልጅየም ምድር ከሰል ማውጣት ጨርሶ ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ እንጀራው የሚቋረጠው ወደ ጕድጓድ የሚወርደው ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ በደመወዝ ቀን እርሱን የሚጠብቁት ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ ሻጩና የቡና ቤቱ ባለቤትም አብረው ይጐዳሉ።

በቍጥር የሚመራ መንገድ

ማውጫዎቹ በተዘጉ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ሁጎ ቦለን የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ያቀደው አዲስ የብስክሌት መንገዶች መረብ በሊምቡርግ ተከፈተ። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነበር። ጸጥ ያሉ መንገዶች የሚገናኙበት መስቀለኛ ስፍራ ሁሉ ቍጥር ተሰጠው። በየመስቀለኛው በቆመው ምሰሶ ላይ የዚያ ስፍራ ቍጥር፣ ከሥሩም ወደሚቀጥሉት ቍጥሮች የሚያመለክት ቀስት ተጻፈ። መንገደኛው ከቤቱ ሳይወጣ ካርታውን አይቶ የሚያልፍባቸውን ቍጥሮች በብጣሽ ወረቀት ላይ በተርታ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ቀስቱን መከተል ብቻ ነው። የደከመው ያሳጥራል፣ ብርታት ያለው ያስረዝማል፣ ዝናብ የያዘው ወደ ቅርቡ መንደር ይታጠፋል።

ለዚህ ሥራ አገሩን በሙሉ በአዲስ መንገድ መቍረጥ አላስፈለገም። በቦይ ዳር ያለው መንገድ፣ የገበሬው የእርሻ መንገድ፣ የጫካው መተላለፊያና ባቡር የቀረበት ሐዲድ ቀድሞውኑ ነበሩ። የጐደለው እርስ በርስ ማያያዝና ምልክት መትከል ነበር። በዚህ ዓይነት በሊምቡርግ ብቻ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መረብ ተዘረጋ። አሠራሩንም የቀረው የፍላንደርስ አገር፣ ኔዘርላንድና ከጀርመን ከፊሉ ወርሰውታል።

በጫካና በውሃ መካከል

ከጌንክ ከተማ የሚነሣ ሰው በቅድሚያ ወደ ቦክሪክ ይደርሳል። በዚያ የጥንት የገበሬ ቤቶች ከየስፍራው ተነሥተው እንደገና የተሠሩበት፣ በ1958 ዓ.ም. የተከፈተ ሙዚየም አለ። ከእርሱ አጠገብ በ2016 ዓ.ም. አንድ ኵሬ ተከፍሎ በመካከሉ 212 ሜትር የሚረዝም የብስክሌት መንገድ ተሠራ። መንገዱ ከውሃው በታች ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ውሃው በግራና በቀኝ እስከ ነጂው ዓይን ድረስ ከፍ ብሎ ይታያል። ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2018 ዓ.ም. ይህን ስፍራ በዓለም ሊታዩ ከሚገባቸው አንድ መቶ ስፍራዎች ቈጥሮታል።

ከዚያ ወደ ዊንተርስላግ ሲያልፉ የቀድሞው ማውጫ ሕንፃ የኪነ ጥበብና የትምህርት ስፍራ ሆኖ ይገኛል፤ የድንጋዩም ክምር ሣርና ዛፍ በቅሎበት ኮረብታ መስሏል። ወደ ምሥራቅ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የሆኸ ኬምፐን ብሔራዊ ፓርክ ጥድና ቍጥቋጦ ለብሶ ይዘረጋል። ከእርሱም ወጥተው የአይስደንን ሐይቆች አልፈው ማስ ወንዝ ላይ ይደርሳሉ። በሰሜን በኩል በሄክተል ኤክሰል ጫካ ውስጥ በ2019 ዓ.ም. የተሠራው ክብ ድልድይ 700 ሜትር ይረዝማል፤ ነጂውን ቀስ በቀስ 10 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በዛፎቹ መካከል ያዞረዋል።

የጸጥታው ዋጋ

በመኪና የሚሄድ እንግዳ ነዳጁን በአንድ ስፍራ ሞልቶ፣ በአንድ ስፍራ በልቶ መንደሮቹን በመስኮት እያየ ያልፋቸዋል። በሰዓት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ባለ ብስክሌት ግን ስንቅ በብዛት መሸከም ስለማይችል በየጊዜው ይቆማል። ይጠማል፣ ይርበዋል፣ ጎማው ይቀዳበታል፣ ዝናብ ያስጠልለዋል። በአንድ ስፍራ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚያወጣበት ስፍራ ግን ብዙ ነው። ደግሞም የቍጥሩ አሠራር ሁሉን በአንድ መንገድ ስለማይነዳ፣ ገቢው በአንድ ከተማ ሳይከማች ለትንንሹ መንደርም ይደርሳል። ማደሪያ የሚያከራየውም ሰው ብስክሌት የሚቈለፍበት ክፍል፣ መንፊያና ጥቂት መፍቻ ካዘጋጀ ደንበኛ አያጣም። በኤሌክትሪክ የሚረዳ ብስክሌት ከበዛ ወዲህ ደግሞ፣ ባትሪው እስኪሞላ ድረስ ባለቤቱ ሁለተኛ ሲኒ ቡና ያዛል።

ሆኖም ነገሩን ከልክ በላይ ማወደስ አይገባም። በጌንክ የነበረው የፎርድ መኪና ፋብሪካ በ2014 ዓ.ም. በተዘጋ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ከሥራ ወጣ። ያን ደመወዝ የብስክሌት መንገድ ሊመልሰው አይችልም፤ መቶ ቡና ቤት ተደምሮ አንድ ፋብሪካ አይሆንምና። በክረምቱ ቅዝቃዜም እንግዳ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዕቃው ጠባይ ነው። በዚህ ንግድ የሚሸጠው ጸጥታ ነው፤ ጸጥታ ደግሞ ገዢው ሲበዛ የሚጠፋ ዕቃ ነው። ደንበኛ በረከተልኝ ብሎ እስከ ኵሬው ዳር የመኪና መንገድ ይውጣልኝ የሚል ነጋዴ የራሱን ሱቅ ይዘጋል። የሆኸ ኬምፐን ፓርክ ይህን ተረድቶ መግቢያ በሮቹን በጫካው ጠርዝ ላይ አደረገ፤ መኪናው በዚያ ቆሞ ሰው በእግር ወይም በብስክሌት ይገባል። ቡና ቤቱና ሱቁም በመግቢያው አጠገብ ገበያ ያገኛሉ።

ለአገራችን ነጋዴ

እኛም ሐይቅና ኮረብታ አላጣንም። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሆራን፣ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን ይዛለች፤ ሐዋሳና ባሕር ዳር ብስክሌት የለመዱ ከተሞች ናቸው፤ ወንጪም በተራራ አናት ላይ ሐይቁን ይዞ ተቀምጧል። የሊምቡርግን ሥራ እንዳለ መገልበጥ ግን አይሆንም። በአገራችን መንገድ ላይ ከብትና አህያ ይነዳል፣ በገበያ ቀን ሕዝብ ይሞላል፣ በዋናው ጎዳናም ከባድ መኪና ለባለ ብስክሌት ስፍራ አይለቅም። ስለዚህ ከዋናው ጎዳና የራቁትን መንገዶች አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የአንድ ከተማ ነጋዴዎች ከማዘጋጃ ቤታቸውና ከገበሬዎቹ ጋር ተመካክረው ዐሥር መስቀለኛ ስፍራዎችን ቢመርጡና ዐሥር ምሰሶ ቢተክሉ፣ ወጪው ከአንድ የሱቅ እድሳት ብዙ አይበልጥም።

አስመጪው በበኩሉ የመለዋወጫውን ነገር በጥንቃቄ ይመልከት። 26 ኢንች ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ሁሉ በአንድ ቸርኬ ላይ አይገባም፤ አንዱ 559፣ ሌላው 590 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቸርኬ የተሠራ ነው። በብዛት 28 ኢንች የሚባለው 622 ሚሊ ሜትር ነው። በጎማው ጐን የተጻፈውን የሚሊ ሜትር ቍጥር አንብቦ ያዘዘ አስመጪ፣ የማይሸጥ ጎማ በመጋዘኑ አይከማችበትም። ባለ ሱቁም ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ የፍሬን ገመድና መንፊያ ቢያኖር፣ እንግዳው እስኪጠገንለት ድረስ ከሱቁ ሌላም ይገዛል። ለላኪው ደግሞ ይህ ትርጕም አለው፤ ከውጭ አገር መጥቶ በሐይቅ ዳር የጠጣውን ቡና የሚከፍል እንግዳ፣ ወደብ ሳይደርስና መርከብ ሳይጫን የተሸጠ ዕቃ ማለት ነው።

እንግዲህ በየከተማው ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ከሱቃችሁ ጀርባ ያለውን ጸጥተኛ መንገድ አንድ ቀን ወጥታችሁ ተመልከቱት። የሊምቡርግ ሰዎች ሀብታቸውን የቈጠሩት ካጡ በኋላ ነው። የእኛ ሐይቅና ጫካ ዳሩ ሳይታጠር፣ ዛፉም ሳይቈረጥ ዛሬውኑ ቢቈጠር ወጪው ያነሰ፣ ትርፉም የጸና ይሆናል።