ጉምሩክ የሚለው ቃል ከወዴት መጣ?

በጅግጅጋና በዙሪያዋ በሚገኙት ከተሞች ዕቃ የሚያስገባና የሚያስወጣ ነጋዴ በየቀኑ ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ቃላት አንዱ «ጉምሩክ» ነው። ቃሉ በማኅተም፣ በደረሰኝና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይነበባል። ይሁን እንጂ ከወዴት እንደ መጣና በመጀመሪያ ምን ማለት እንደ ነበረ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ነጋዴው ቃሉን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ሊከፍል ሲል ስለ ሆነ፣ የንግድ ባላጋራ መጠሪያ አድርጎ ቢቈጥረው አያስደንቅም። የቃሉ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ጉምሩክ በትውልዱ ራሱ «ንግድ» ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የጥንት ሮማውያን ለሽያጭ የሚቀርበውን ዕቃ በላቲን ቋንቋቸው «ሜርክስ» ይሉት ነበር። «ኮም» የሚለው መነሻ ደግሞ «አብሮ፣ በአንድነት» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ኮሜርኪዩም» የሚለውን ቃል አስገኙ፤ ትርጓሜውም ዕቃን ይዞ ከሌላው ጋር መገናኘት፣ እርስ በርስ መገበያየት ነው። በሮማ ሕግ ዘንድ ቃሉ ከዚህም የጠበቀ ፍች ነበረው፤ በሕግ ፊት የመግዛትና የመሸጥ መብት ማለት ነበር። ይህን መብት የተቀበለ የባዕድ አገር ሰው ከሮማ ዜጋ ጋር የሚያደርገው ውል ይጸናለት ነበር። እንግዲህ ቃሉ ከመነሻው ሁለት ነገር ይዟል፤ አንዱ የሰዎች መገናኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያን መገናኘት የሚጠብቅ ሕግ ነው።

የሮማ መንግሥት በምዕራብ በኩል ከወደቀ በኋላ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉን በመጀመሪያ ፍቹ ያዙት። ፈረንሳዊው «ኮሜርስ»፣ ጣሊያናዊው «ኮሜርቾ»፣ እስፓኛዊው «ኮሜርሲዮ» ይላል። እንግሊዛዊው ከፈረንሳይኛ ወስዶ «ኮመርስ» ብሎታል፤ ጀርመናዊውም «ኮሜርትስ» ይለዋል። ሁሉም ንግድ ማለት ነው። ከዚያው ከ«ሜርክስ» ሥር «ሜርካቱስ» የሚል ሌላ ቃል በቅሎ እንግሊዝኛው «ማርኬት»፣ ፈረንሳይኛው «ማርሼ»፣ ጀርመንኛው «ማርክት»፣ ጣሊያንኛው «ሜርካቶ» ሆኗል። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 አዲስ አበባን በያዙበት ጊዜ ለገበያው የሰጡት ስም ዛሬም ድረስ «መርካቶ» ተብሎ ቀርቷል። በ1943 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም በሕዝቡ ዘንድ «ኮሜርስ» በሚል ስም ታውቋል። ስለዚህ መርካቶና ኮሜርስ በአማርኛችን ውስጥ የሚኖሩ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ሦስተኛው ወንድማቸው ጉምሩክ ነው፤ እርሱ ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው።

የሮማ መንግሥት ምሥራቃዊ ክፍል በቍስጥንጥንያ ተቀምጦ ከምዕራቡ በኋላ አንድ ሺሕ ዓመት ያህል ቈይቷል። የዚህ መንግሥት ቋንቋ ግሪክኛ ቢሆንም ላቲኑን ቃል «ኮመርኪዮን» ብሎ ተቀብሎታል። በዚያ ግን ፍቹ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ከገበያተኞች መገናኘት ወደ ገበያው ተቈጣጣሪ፣ ከተቈጣጣሪውም ወደሚሰበስበው ገንዘብ ተሸጋገረ፤ በመጨረሻም ኮመርኪዮን ማለት በሚዘዋወረው ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ ማለት ሆነ። ልኩም ከዕቃው ዋጋ ከዐሥር አንድ ነበር። በ795 ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢኖስ 6ኛ ወደ ኤፌሶን በሄደ ጊዜ የከተማይቱን ዓመታዊ ገበያ ኮመርኪዮን ምሮ እንደ ነበር፣ የተማረውም ገንዘብ 100 ሊትር ወርቅ እንደ ነበር በዘመኑ ታሪክ ተጽፏል። ሊትር የተባለው በዚያን ጊዜ የወርቅ መመዘኛ ነበር።

ቱርኮች በግሪኮች ስፍራ በተተኩ ጊዜ አገሩን ብቻ ሳይሆን የቀረጡንም ሥርዐት ከነስሙ ወረሱ። በቱርክ አንደበት «ኮመርኪዮን» ተለውጦ «ጉምሩክ» ሆነ። ከቱርክኛም ወደ ዐረብኛና ወደ ፋርስኛ ገባ፤ በቦስኒያም በኩል «ጁምሩክ» ተብሎ ተመልሶ አውሮፓን ረገጠ። ወደ እኛ አገር ያደረሰውም ይኸው የቱርክና የዐረብ መንገድ ነው። ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ይዘዋል፤ የግብፅም ጦር ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን ይዞ ገዝቷል። በባሕሩ ዳር ወደቦች ሁሉ ቀረጥ የሚከፈልበት ቤት ስሙ ይኸው ነበር።

እንደዚህ ሆኖ አንዱ ቃል ለሁለት ተከፈለ። ምዕራቡ የሥራውን ስም ያዘ፤ ምሥራቁ ደግሞ በሥራው ላይ የሚከፈለውን ግብር ስም ያዘ። ይህን የመሰለ ለውጥ በራሳችን ቋንቋም ውስጥ ደርሷል። «ነጋድራስ» ማለት የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው፤ በመጀመሪያም የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ መጠሪያ ነበር። በኋላ ግን መንግሥት ቀረጡን የሚሰበስብበት ሹም ስም ሆነ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለውን መጽሐፍ የጻፉትና በ1919 ያረፉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የታወቁት በዚሁ በነጋድራስነት ማዕርግ ነው። ሮማዊው ቃል በቍስጥንጥንያ የሄደበትን መንገድ አማርኛው ቃል በገዛ እግሩ ሄዶበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ አውሮፓውያን ራሳቸው ለቀረጥ ቤት የሰጡት ስም ነው። ምሥራቁ የእነርሱን ቃል ሲወስድ እነርሱ የምሥራቁን ወስደዋል። የፈረንሳይኛው «ዱዋን»፣ የጣሊያንኛው «ዶጋና»፣ የእስፓኝኛውም «አዱዋና» የተገኙት ከፋርስ ወጥቶ በዐረብኛ በኩል ካለፈው «ዲዋን» ከሚለው ቃል ነው፤ ትርጓሜውም መዝገብ፣ የመዝገብም ቤት ማለት ነው። «ታሪፍ» የምንለውም ቃል በዐረብኛ ማስታወቅ ማለት ሲሆን፣ ጣሊያኖች «ታሪፋ» ብለው ለዋጋና ለቀረጥ ዝርዝር አውለውታል። «መጋዘን» ደግሞ «መኽዘን» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ተነሥቶ ወደ ጣሊያንኛ «ማጋዚኖ» ተሻግሯል። እንግዲህ «የጉምሩክ መጋዘን» የሚል ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ሁለት መንገደኞችን ጐን ለጐን ያያል። አንደኛው ከሮማ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለተኛው ከዐረብ ወደ ምዕራብ ተጕዘው በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኝተዋል።

ሰሜኖቹ አውሮፓውያን ሌላ ቃል አላቸው። የጀርመንኛው «ጾል» እና የእንግሊዝኛው «ቶል» ከግሪኩ «ቴሎኒዮን» የመጡ ናቸው፤ ይህም ቀራጩ ማቴዎስ ተቀምጦበት የነበረው መቅረጫ በወንጌሉ ግሪክኛ የተጠራበት ስም ነው። እንግሊዛውያን በዘመናችን ለቀረጥ መሥሪያ ቤት የሚጠቀሙበት ቃል ግን «ከስተምስ» ነው፤ ፍቹም በልማድ የጸና ግብር ማለት ነው። የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ከ1941 ጀምሮ እስከ 1948 ድረስ ጅግጅጋን ይዞ የቈየ ሲሆን፣ በበርበራ በኩል ደግሞ እንግሊዞች ከዚያ ቀደም ብለው የነበሩ ናቸው። ሶማልኛ ተናጋሪው ነጋዴ ጉምሩክን «ካስተም» የሚለው ከዚሁ ከእንግሊዝኛው ቃል ወስዶ ነው። በጅግጅጋ ገበያ አንዱ ጉምሩክ፣ ሌላው ካስተም ሲል የሚሰማው ሁለት ዐይነት መንግሥት ስላለ ሳይሆን ሁለት ዐይነት መንገድ ስላለፈ ነው።

ስለ ቃላቱ ይህን ያህል ካልን ዘንድ፣ ስለ ነገሩ ጥቂት ማለት ይገባል። ቀረጥ የሚለው አማርኛ ከመቍረጥ ጋር ይዛመዳል፤ ከዕቃው ተቈርጦ የሚቀር ድርሻ ማለት ነው። ነጋዴ ድርሻው ሲቈረጥበት የሚጠይቀው ጥያቄ በየዘመኑ አንድ ነው፤ «ስለ ምን?» የሚል ነው። የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ድሬዳዋ በ1902 ከመድረሱ በፊት፣ ከዘይላና ከበርበራ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ በሶማሌ አገር ሲያልፍ «አባን» የሚባል ጠባቂ ይይዝ ነበር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1854 ከዘይላ ተነሥቶ በ1855 መጀመሪያ ሐረር በገባ ጊዜ ይህን ልማድ አይቶ ጽፎታል። አባኑ ዋጋውን ይቀበላል፤ በምትኩም ለእንግዳው አስተርጓሚ፣ ደላላና ዋስ ይሆናል፤ በእንግዳው ላይ የደረሰ ጉዳትም እንደ ራሱ ውርደት ይቈጠራል። ለአባን የሚከፈለው ገንዘብ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መንገዱ ራሱ መልስ ነበርና።

በ1897 ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውልም ይህንኑ መንገድ የሚመለከት ነበር። ከዘይላ በጊልዴሳ በኩል ሐረር የሚያደርሰው የሲራራ ጐዳና ለሁለቱ አገሮች ንግድ ክፍት ሆኖ እንዲኖር፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚመጣውም ዕቃ በዘይላ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማምተዋል። በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል ደግሞ የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ። ይህ የጥንቱ የቍስጥንጥንያ ልክ ነው።

ልክ ሲዛባ የሚደርሰውንም ያቺው ቍስጥንጥንያ ታስተምራለች። በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አሌክስዮስ 1ኛ በጦርነት ስለ ረዱት ለቬኔሲያ ነጋዴዎች ኮመርኪዮኑን ፈጽሞ ማረላቸው። የአገሩ ነጋዴ ግን ከዐሥር አንዱን መክፈሉን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ባዕዱ በርካሽ ሲሸጥ የአገሬው ከገበያ ወጣ። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከወደቡ ማዶ በገላታ የተቀመጡት የጄኖቫ ሰዎች በዓመት 200,000 የወርቅ ገንዘብ ቀረጥ ሲሰበስቡ፣ የቍስጥንጥንያ ገቢ 30,000 እንኳ በጭንቅ ይሞላ እንደ ነበር የዘመኑ ጸሓፊ ጎርጎራስ መዝግቧል። መንግሥቱ የጠፋው በዚህ ብቻ ነው ባይባልም፣ የገዛ ነጋዴውን ያላስተካከለ ቀረጥ መንግሥቱን ራሱን እንዳደኸየ ግልጽ ነው።

በድንበር አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ከእነዚህ ቃላት ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ኮንትሮባንድ» ነው። በጣሊያንኛ «ኮንትራ» ተቃራኒ፣ «ባንዶ» ዐዋጅ ማለት ሲሆን፣ በአንድነት «ከዐዋጅ ውጭ» ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ዕቃው ወይም ስለ ባለ ዕቃው ትውልድ አይደለም፤ ከወዴት እንደ መጣም አይናገርም። የሚናገረው ዐዋጁ ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም የሚለውን ብቻ ነው። ከቶጎ ውጫሌ ወይም ከደወሌ የመጣ ጨርቅ፣ ሩዝም ሆነ ስኳር፣ ቀረጡ ተከፍሎ ወረቀቱ ከያዘው ዕቃ ጋር ከተስማማ፣ በአዲስ አበባ ከተገዛው በምንም አያንስም። እንደዚሁም ያለ ወረቀት ያለፈ ዕቃ በጅግጅጋ ቢሸጥ ወይም በመርካቶ ቢሸጥ ስሙ አይለወጥም። ከድንበር የመጣውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት የፍርድ ስሕተት ነው፤ በታማኙ ነጋዴም ላይ የሚወድቀው ጕዳት ቀላል አይደለም። ስሙ የጐደፈበት ሰው የብድር ዕቃ አያገኝም፤ በየኬላውም ከሌላው ይልቅ ረጅም ሰዓት ይቈማል።

ስለዚህ «ጉምሩክ» የሚለውን ቃል የሚያነብ ነጋዴ የጥንቱን ፍች ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። ቃሉ ሲፈጠር «አብሮ» የሚል መነሻ ነበረው፤ የአንዱ ወገን ብቻ ሥራ አልነበረም። የነጋዴው ፈንታ የዕቃውን ዐይነት፣ ቍጥርና ዋጋ በእውነት ማስመዝገብ ነው። የመሥሪያ ቤቱም ፈንታ ታሪፉን፣ እንደ ስሙ ትርጓሜ፣ አስቀድሞ ማስታወቅና ዕቃው በመጋዘን ሳይበላሽ በሩን መክፈት ነው። ከሁለቱ አንዱ ፈንታውን ቢያጐድል ንግዱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ጐዳናውን ለቆ የሄደ ንግድም መቅረጫውን ባዶ ያስቀረዋል።